ከቆሼ በታች ያለው ውኃ

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት የቀረበ ንግግር





በበዓል ቀን ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ መጋዘን መነጋገር የተለመደ ነው። ዛሬ ግን ከመጋዘኑ ወለል በታች ስላለው ነገር ጥቂት ደቂቃ ቢሰጥ ክፋት የለውም። በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ በወንዝ ዳርና በጓሮ አትክልት የሚያመርት ሰው ሦስት ዓይነት ውኃ ያውቃል። አንደኛው ከሰማይ የሚወርደው፣ ሁለተኛው በትንሹ አቃቂ የሚፈሰው፣ ሦስተኛው ከግቢው ጉድጓድ በባልዲ የሚቀዳው ነው። የመጀመሪያውን ይለምነዋል፣ ሁለተኛውን ያማዋል፣ ሦስተኛውን ያምነዋል። ይህ ንግግር የሚመለከተው ያንን የሚታመነውን ነው።

የወንዙ ውኃ ነገሩን አይደብቅም። ቀለሙ ይለዋወጣል፣ አረፋ ይይዛል፣ በበጋ ደግሞ ሽታው ከሩቅ ይሰማል። ስለዚህ ማንም ሳይመክረው ሰው ይጠነቀቃል፤ ልጁንም እንዳይጠጣ ይከለክላል። የጉድጓዱ ውኃ ግን ጥርት ያለ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ አይሸትም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለጎርፍ ብቻ የተነገረ አይመስልም። ናይትሬት ቀለም የለውም፤ በብርጭቆ ውስጥ አይታይም፣ በምላስም አይለይም። ከባድ ብረቶችም በውኃ ውስጥ በጥቂቱ ሟሙተው ሲገኙ እንደዚሁ ናቸው።

እዚህ ላይ በየቤቱ የሚሠራ አንድ ስሕተት አለ። ብዙ እናቶች የጉድጓድ ውኃ ሲጠራጠሩ ያፈሉታል ወይም ውኃ አጋር ይጨምሩበታል። ሁለቱም ተቅማጥ ለሚያመጡ ተሕዋስያን ደኅና መድኃኒት ናቸው፤ ማንም እንዳይተዋቸው። ናይትሬትንና ብረትን ግን አያስወግዱም። እንዲያውም ውኃ ሲፈላ ከፊሉ በእንፋሎት ስለሚሄድ የቀረው ውስጥ ናይትሬቱ ይበልጥ ይጠነክራል። በዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ያለው ናይትሬት ከ50 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። ከዚህ በላይ በሆነ ውኃ የዱቄት ወተት እየተበጠበጠለት የሚያድግ ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ደሙ አየር የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል፤ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል። ውኃውን አፍልታ የሰጠችው እናት ደግሞ የሚገባትን ሁሉ ያደረገች ይመስላታል።

መሬቱ እንዴት ነው?

ከኮልፌ በስተሰሜን እንጦጦ፣ በስተምዕራብ ወጨጫ አሉ። በእነዚህ ተራሮች ላይ የሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ በትንሹ አቃቂና በገባሮቹ ይወርዳል፣ ከፊሉ ደግሞ ወደ መሬት ይሠርግና ከሥር ከሥር ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂ ያቀናል። በአቃቂ የሚገኘው የጉድጓድ መስክ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ከሚያቀርቡት ዋና ዋና ምንጮች አንዱ ነው። ስለዚህ በኮልፌ ጓሮ የሚፈስ ነገር የኮልፌ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ከአፈሩ ሥር ያለው አለት የጥንት እሳተ ገሞራ የተፋው ነው። ድንጋዩ ራሱ ጠጣር ሆኖ ውኃው የሚቀመጠውና የሚሄደው በስንጥቆቹ ነው። ብዙ ሰው የከርሰ ምድር ውኃን ከመሬት በታች እንደተኛ አንድ ሰፊ ሐይቅ አድርጎ ያስበዋል፤ ኮልፌ ላይ ግን እንደዚያ አይደለም። በአንዱ ስንጥቅ ያለው ውኃ ንጹሕ ሆኖ በሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ያለው ሌላው የተበከለ ሊሆን ይችላል። የጎረቤት ጉድጓድ ተመርምሮ ደኅና መሆኑ ለራስ ጉድጓድ ዋስትና የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጉድጓድ ከሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ የሚለው የታወቀ ምክርም በአሸዋማ አፈር ላይ ጥሩ ሲሆን በተሰነጣጠቀ አለት ላይ ላይበቃ ይችላል።

በደቡቡ ሜዳማ ክፍል ያለው መረሬ አፈር የራሱ ጠባይ አለው። አርሶ አደሩ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ክረምት ከገባ በኋላ መረሬ አብጦ ይዘጋል፤ ውኃ አያሳልፍም፤ ብረት ያዘለ ፍሳሽ ቢደፋበትም ብረቱን ይዞ ያስቀራል። በበጋ ግን ክንድ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። የበልግ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል በወራት ውስጥ ላዩ ላይ የተጠራቀመው ሁሉ አፈሩን ሳይነካ በእነዚያ ስንጥቆች በቀጥታ ወደ ታች ይወርዳል። የጉድጓድ ውኃ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመረመር ከሆነ ይህ ጊዜ ሊያመልጥ አይገባም።

ቆሼ

የረጲ መሬት የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ የሆነው በ1956 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ አካባቢው ከከተማ የወጣ ገጠር ነበር። ከሥሩ ፍሳሽ የሚይዝ ነገር አልተነጠፈበትም፤ ከክምሩ የሚወጣውን ውኃ የሚሰበስብ ቦይም አልተሠራለትም። ይህን ዛሬ መውቀስ ቀላል ነው፤ በዚያ ዘመን በብዙ የዓለም ከተሞች ቆሻሻ የሚጣለው እንዲሁ ነበር። ከዚያ ከተማዋ አድጋ ቆሼን ከበበችው፤ ክምሩም ከ30 ሄክታር በላይ በሆነ መሬት ላይ ተራራ ሆነ።

በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስና ዘመናዊ የተባለ መጣያ ተከፈተ። የአካባቢው አርሶ አደሮች ስለ ሽታው፣ ስለ ውኃቸውና ስለ ከብቶቻቸው አቤቱታ አቀረቡ፤ መኪኖች እንዳይገቡም ተቃወሙ። በወራት ውስጥ ሥራው ቆሞ መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተደርምሶ በሥሩና በአጠገቡ ይኖሩ የነበሩ ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ። አገሪቱም የሦስት ቀን ኀዘን አወጀች። የሰንዳፋ አርሶ አደሮች ለውኃቸው መፍራታቸው ስሕተት አልነበረም። የከተማው ቆሻሻ ግን እነርሱ እምቢ ስላሉ አልቀነሰም፤ ወደ ሌሎች ድሆች ደጃፍ ተመለሰ እንጂ። የአንድ አካባቢ ገበሬ ከሌላው ጋር ተነጋግሮ አንድ ላይ የሚጠይቅበት መድረክ ቢኖር ኖሮ ነገሩ ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ ለኅብረት ሥራ ሰው ተገቢ ጥያቄ ነው።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በረጲ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደ ነው። ይሁን እንጂ ጣቢያው የታሰበው ለየዕለቱ ቆሻሻ ነው። ከ50 ዓመት በላይ የተከመረው እዚያው አለ፤ በውስጡም የባትሪ ድንጋይ፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ የመድኃኒት ጠርሙስና የበሰበሰ ምግብ ተደባልቀዋል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውኃው በዚህ ሁሉ ውስጥ አልፎ አሞኒያ፣ ጨውና ብረት አጥቦ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ከነገ ጀምሮ አንድ ማዳበሪያ ቆሻሻ እንኳ ባይጣልበት እንዲህ ያለ ክምር ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት ማንጠባጠቡን አይተውም።

ከአደጋው በኋላ በጃፓን መንግሥትና በዩኤን ሀቢታት ድጋፍ በቆሼ የተሞከረ አንድ ዘዴ አለ። በተገኘበት ከተማ ስም የፉኩዎካ ዘዴ ይባላል። አሠራሩ ለገበሬ እንግዳ አይደለም። በክምሩ ሥር የተበሳሱ ቧንቧዎች በድንጋይ ተሸፍነው ይቀበራሉ፤ በእነርሱ በኩል ጥቁሩ ውኃ ወደ ውጭ ይወጣል፣ አየር ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባል። አየር ያገኘ ቆሻሻ ቶሎ ይበሰብሳል፣ የሚወጣው ፍሳሽም ይቀልላል። ኮምፖስት ሲዘጋጅ ክምሩ እንዲተነፍስ በመሐሉ እንጨት የሚተከለው ለዚሁ ነው። ዘዴው ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ በመሆኑ በዚህ ንግግር ከሚነሡት የጽዳት ሥራዎች ሁሉ ለአገሩ አቅም የቀረበው ይኸኛው ይመስላል።

የቆሼ ስም ስለገነነ ሌሎቹ መረሳት የለባቸውም። በየግቢው የተቆፈረው የሽንት ቤት ጉድጓድ በናይትሬት በኩል ከቆሼ የማይተናነስ፣ በስፋቱም የሚበልጥ ምንጭ ነው። የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ አቅም በቀን ወደ 100,000 ሜትር ኩብ ከፍ ቢደረግም የፍሳሽ መስመር ያልደረሰበት ግቢ አሁንም ብዙ ነው። በትንሹ አቃቂ ዳርና ዳር ከተቋቋሙ ፋብሪካዎች ደግሞ በተለይ የቆዳ ፋብሪካዎች ክሮሚየም ይጠቀማሉ። ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም በአብዛኛው አፈር ላይ ተጣብቆ የሚቀር ዓይነት ነው። መልኩን ለውጦ ስድስተኛው የሚባለው ዓይነት ሲሆን ግን በውኃ ይሟሟል፣ ይጓዛል፣ መርዛማነቱም እጅግ ይብሳል።

ስለ ቆስጣው

አሁን ወደ ከባዱ ነገር መግባት ያስፈልጋል። ዶክተር ፍስሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት በአዲስ አበባ በተበከለ የወንዝ ውኃ የሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ከባድ ብረቶችን እንደሚያከማቹ አሳይተዋል። ሰላጣና ቆስጣ ብዙ ሲይዙ ጥቅል ጎመን ከእነርሱ ያነሰ ይይዛል። ፕሮፌሰር ታምሩ ዓለማየሁም የከተማዋ የከርሰ ምድር ውኃ የት የት ለብክለት እንደተጋለጠ በካርታ አስቀምጠዋል። እነዚህ ጥናቶች ከወጡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። አምራቹ ጋ የደረሱት ግን በወሬ መልክ ነው።

ወሬው ያመጣው ለውጥ ቢኖር በገበያ ላይ ነው። ገዢ "ቆስጣው የየት ነው?" ብሎ ሲጠይቅ "የኮልፌ" የሚል መልስ ቶሎ ከአፍ አይወጣም። ማለዳ በወንዝ ዳር የታጨደ ቆስጣ ረፋድ ላይ የሆለታ ይሆናል። ይህ የሚያስቅ ቢመስልም ከጀርባው ያለው ጭንቀት የሚያስቅ አይደለም። ልጆቿን በቆስጣ መደብ የምታሳድግ አባል ውኃዋ እንዲመረመር ብትጠይቅና ውጤቱ መጥፎ ቢሆን ማን ይገዛታል? ማኅበሩስ መሬቱን ይነጠቅ ይሆን? ውጤቱ ሳይታወቅ ቢቀር ደግሞ ያው ውኃ ለመደቡም፣ ለእንስራውም ይቀዳል። ዝምታው ከድንቁርና የመጣ ተደርጎ ሲነገር ይሰማል፤ ትክክል አይደለም። አምራቹ ሒሳቡን ሠርቶ ነው ዝም ያለው። ምርመራ ለብቻው ላደረገ ሰው ኪሳራ ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ካደረጉት ግን አንድም ሰው ለብቻው አይጠቆምም። ለአንድ ገበሬ የማይቻለውን ለመቶ ገበሬ የሚቻል ማድረግ ደግሞ ኅብረት ሥራ ማኅበር የተቋቋመበት ዋና ምክንያት ነው።

ይጸዳል ወይ?

የተበከለ የከርሰ ምድር ውኃ ሊጸዳ ይችላል፤ ነገር ግን በአንድ የበጀት ዓመት አይደለም፣ በአንድ የሥራ ዘመንም አይደለም። ለረዥም ጊዜ በዓለም ላይ ሲሠራበት የቆየው ዘዴ ውኃውን በፓምፕ አውጥቶ፣ አጣርቶ መመለስ ነው። ወጪው ከባድ ነው፤ ፓምፑ ሲቆም ደግሞ በስንጥቁ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የነበረው ብክለት ቀስ እያለ ተመልሶ ይወጣል።

ሁለተኛው ዘዴ ውኃው በሚሄድበት መንገድ ላይ ግድግዳ መቅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና፣ በኤልዛቤት ሲቲ ከተማ፣ ከብረት ቅብ ሥራ የወጣ ስድስተኛው ክሮሚየም ወደ ወንዝ እየተጓዘ ስለነበር 46 ሜትር ርዝመት፣ 7.3 ሜትር ጥልቀትና 0.6 ሜትር ውፍረት ያለው ቦይ ተቆፍሮ በብረት ብናኝ ተሞላ። ውኃው በብረቱ ውስጥ ሲያልፍ ክሮሚየሙ ወደማይሟሟው ዓይነት ተለውጦ እዚያው ይቀራል። ፓምፕ የለው፣ ነዳጅ የለው። በየቶርኖ ቤቱ የሚወድቀውን የብረት ፍቅፋቂ ለሚያይ የኮልፌ ሰው ይህ የሚያጓጓ ነው። ሆኖም በአሸዋማ መሬት ላይ የሠራ ግድግዳ በተሰነጣጠቀ አለት ላይ ቢተከል ውኃው በሌላ ስንጥቅ ዞሮ ሊያልፈው ይችላል። በወንዝ ዳር ባለው ደለል ላይ ግን ሊሞከር የሚገባው ነው፤ ሙከራውም የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ለዚህ ስብሰባ ይበልጥ የሚቀርብ ነው። በካሊፎርኒያ በረሃ ሂንክሊ በምትባል ትንሽ መንደር አንድ የጋዝና ኤሌክትሪክ ኩባንያ ከ1952 እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ፣ እ.ኤ.አ. ነው፣ ስድስተኛውን ክሮሚየም የያዘ ውኃ ምንም ባልተነጠፈበት ኩሬ ውስጥ ይደፋ ነበር። የነዋሪው ጉድጓድ ተበከለ። በ1996 ኩባንያው ለተጎጂዎች 333 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ውኃውን ለማጽዳት ከዋሉት ዘዴዎች አንዱ ደግሞ እርሻ ነው። የተበከለው ውኃ ከመሬት ወጥቶ በጠብታ መስኖ አልፋልፋ ይጠጣል፤ በሥሩ ዙሪያ ያሉ ጥቃቅን ሕይወታውያን ክሮሚየሙን ወደማይጓዘው ዓይነት ይለውጡትና በአፈሩ ውስጥ ያስቀሩታል። አልፋልፋው ለከብት መኖ ነው። ብክለቱ ከቆመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቢያልፍም ሥራው ዛሬም አላለቀም። ባለጸጋ አገር፣ ገንዘብ ያለው ኩባንያ፣ በግልጽ የታወቀ አንድ ምንጭ፣ እንዲያም ሆኖ ይህን ያህል ጊዜ። በኮልፌ ምንጩ ብዙ ነው፤ ከፋዩም አይታወቅም።

በናይትሬት በኩል ግን ገበሬው ከማንም የተሻለ መሣሪያ አለው። ናይትሬት ለሕፃን መርዝ ሲሆን ለሰብል ምግብ ነው፤ የዩሪያ ከረጢት ውስጥ ያለው ናይትሮጂንም አፈር ውስጥ ገብቶ ወደዚያው ይለወጣል። በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ያለበት የጉድጓድ ውኃ በአንድ ሄክታር ላይ በወቅቱ 3,000 ሜትር ኩብ ቢጠጣ ለመሬቱ 34 ኪሎ ግራም ያህል ናይትሮጂን ይሰጣል። ይህ ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ዩሪያ ማለት ነው። በመስኖ የወጣው ናይትሬት በሰብል ተበልቶ ሲያልቅ ከሥር ያለው ውኃ በዚያው መጠን ይቀልላል። ታዲያ ይህን የሚያደርግ ሰው በላዩ ላይ ሌላ ዩሪያ ቢበትን ትርፉ ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ ይሠርጋል፤ የማዳበሪያው መጠን በውኃው ልክ መቀነስ አለበት። ሌላ ጥንቃቄም አለ። ሰላጣና ቆስጣ ናይትሬትን ራሱን በቅጠላቸው ስለሚያከማቹ ለዚህ ሥራ አይመረጡም። በቆሎ፣ የዝሆን ሣርና አልፋልፋ ይሻላሉ። ውኃው በቅድሚያ ለብረት ተመርምሮ ደኅና መሆኑ ካልተረጋገጠ ደግሞ ለመኖም አይሆንም፤ ብረቱ በወተት በኩል ይመለሳልና።

ተክል የፋብሪካ ፍሳሽንም ያግዛል። በሞጆ በአንድ ቆዳ ፋብሪካ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፍሳሹን አስቀድመው አየር በሌለበት ገንዳ ካብላሉ በኋላ በሰው ሠራሽ ጨፌ ውስጥ እያሳለፉ ማጣራትን ሞክረዋል። የዱሮ ሰው ጨፌን ለግጦሽና ለቄጠማ ሲል ይጠብቀው ነበር፤ ከሥሩ የሚወጣው ምንጭ ንጹሕ የሆነበትን ምክንያት ባይናገርም። በኮልፌ ጨፌ የነበረው አብዛኛው ቦታ ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል።

ሕግ በኩል የጎደለው ጽሑፉ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159 ነባር ፋብሪካዎች ራሳቸውን እንዲያስተካክሉ የሰጠው የእፎይታ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። የከተማዋን ወንዞች ዳር የማልማት ሥራም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሰፊው ተይዟል። የወንዙ ዳር ማማር ለዓይን ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከወንዙ ሥር ያለውን ውኃ የሚለካ ጉድጓድ ከመናፈሻው ጋር አብሮ ቢቆፈር ወጪው ከአበባው ወጪ የሚበልጥ አይመስልም።

ማኅበራቱ ዘንድ ያለው ሥራ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር በኮልፌ የከርሰ ምድር ውኃ ጽዳት ከላይ፣ ከመሬቱ ገጽ እንደሚጀመር ነው። ወደ ታች የሚገባው ሳይቆም ከታች ያለውን ማጣራት የተቀደደ እንስራ እንደመሙላት ይሆናል። ወደ ታች የሚገባውን ለማስቆም ደግሞ ምን፣ ከየት፣ መቼ እንደሚገባ በቁጥር የያዘ ሰው ያስፈልጋል። መንግሥት ዘንድ ሄዶ "ውኃችን ተበላሽቷል" የሚል አቤቱታ ለአንድ ሳምንት ይሰማል። የመቶ ጉድጓድ የአምስት ዓመት መዝገብ ይዞ የሚቀርብ ማኅበር ግን በቀላሉ አይመለስም።

አዋጅ ቁጥር 985/2009 ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሰጠው አቅም ምርት ሰብስቦ በመሸጥ አያበቃም። አንድ ዩኒየን ከላቦራቶሪ ጋር በጅምላ ቢዋዋል ለአንድ አባል የሚከብደው የምርመራ ዋጋ ይቀንሳል። ውጤቱ በአባል ስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ቢመዘገብ ማንም በገበያ አይጠቆምም። ጉድጓዱ የተበላሸበት አባል ቆስጣውን ትቶ ወደ መኖ ወይም ወደ ችግኝ ሲዞር የመጀመሪያውን ዓመት የሚሻገርበት ብድር ቢመቻች ደግሞ ዝም የማለቱ ሒሳብ ይለወጣል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው የቦርዱና የጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ ነው። ከትርፍ ላይ ለሥልጠና ተብሎ ከሚያዘው ቢጀመር ግን ከዚህ የተሻለ ሥልጠና መገመት ያስቸግራል።

እስከዚያው ድረስ ያለ ገንዘብ የሚሠራም አለ። የተተወ ጉድጓድ ክፍቱን አይተው፤ ቆሻሻ ሲጣልበት በቀጥታ ወደ ውኃው የሚወስድ ቧንቧ ይሆናልና በሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ ይደፈን። በሥራ ላይ ያለው ጉድጓድ አፉ ዙሪያውን በሲሚንቶ ይታሰር፣ ከመሬትም ከፍ ይበል። ጥልቅ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ማኅበር ካለ ቆፋሪው በቧንቧውና በመሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ከላይ ሳያሽግ ሒሳቡ እንዳይከፈለው፤ ያልታሸገ ጥልቅ ጉድጓድ የላዩን መጥፎ ውኃ ወደ ንጹሑ የሚያወርድ መሰላል ነው።

ናሙና አወሳሰዱም ከባድ አይደለም። በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ አንዱ በበጋው ማብቂያ፣ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ሳምንት፣ ሌላው ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም። ላቦራቶሪው የሚሰጠው ንጹሕ ጠርሙስ በዚያው ውኃ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ እስከ አፉ ይሞላ፣ ክዳኑም ይጥበቅ። ለብረት ምርመራ የሚሆነው ጠርሙስ ግን አሲድ ሊኖርበት ስለሚችል እንዳይለቀለቅ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ። ናሙናው ፀሐይ ሳይነካው፣ በበረዶ ሳጥን ሆኖ በማግሥቱ ላቦራቶሪ ይድረስ። በጠርሙሱ ላይ በማይለቅ ቀለም የጉድጓዱ መለያ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ጥልቀቱ፣ ከቅርቡ ሽንት ቤት ያለው ርቀት በእርምጃ፣ በመጨረሻም ከዚያ ጉድጓድ የሚጠጣ ከአንድ ዓመት በታች ሕፃን በቤቱ መኖር አለመኖሩ ይጻፍ። ሕፃን ያለበት ቤት ጠርሙስ ከሌሎቹ ቀድሞ እንዲመረመር ላቦራቶሪው ይነገረው።